ስለ አቃቂ የምድር ባቡር ጣቢያ

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዚህ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ ሲጭኑ፥ ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር። በዚያን ዘመን የከተማው በር አቃቂ ነበረች፤ ከጣቢያዋ እስከ ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህንም መንገደኛው በበቅሎና በእግሩ ይጨርሰው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ማኅበር ገንዘብ አልቆበት ስለ ወደቀ ብዙ ዓመት በዚያው ቆመ። ሌላ ማኅበር ተተክቶ ሥራው ሲቀጥል ንጉሡ በሕመም ተይዘው ነበር፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐዲዱም አቃቂ የደረሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 ነው። ስለዚህ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ባቡሩ በከተማቸው ደጃፍ ሲያፏጭ ሳይሰሙ ቀሩ። በአደባባዩ የቆመው ሐውልታቸው በፈረስ ላይ መሆኑ ስለ አድዋ እንጂ ስለዚህ አይደለም፤ ቢሆንም ለሚያስተውል ሰው ይህንንም ያሳስባል።

የአቃቂ ክብር ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ዘውዲቱ በነገሡ በ116 ቀን፥ ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበር መንገደኛው በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ትልቁ ጣቢያ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ለገሃር የተባለውም ከፈረንሳዊኛው «ላ ጋር» ሲሆን ትርጓሜው የባቡር ጣቢያ ነው፤ «ለገ»ን በኦሮምኛ ወንዝ ብሎ የሚፈታው ሰሙን ይዞ ወርቁን ስቶታል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ፥ የእንግሊዙን ንጉሥ ልጅ የግሎስተርን መስፍን የመሰሉ እንግዶች በባቡር መጡ። አቃቂን አልፈው ለገሃር ወረዱ። ከ13 ዓመት በፊት የከተማው በር የነበረችው ጣቢያ ያን ጊዜ የመንገድ ማለፊያ ሆና ነበር።

የድሬ ዳዋና የአዲስ አበባ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ከቀድሞው ከአንድ ሜትሩ የሰፋ ነው፤ የመንገደኛ ጣቢያውም በለቡ ተሠራ፤ የአቃቂ አሮጌ ጣቢያም ያለ መንገደኛ ቀረች።