ማምለጫው ወዴት ያደርሳል?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በጥሊሊም ሆነ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ፣ ማታ ማታ ደብተር ገልጣችሁ ልብ ወለድ የምትጽፉ አላችሁ። የቤቱ ችግር ሲከብድ፣ የፈተና ውጤት ሲያሳዝን፣ በብዕር ሌላ አገር ትሄዳላችሁ። “ይህ ከእውነት መሸሽ አይደለምን?” የሚላችሁም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከእናንተ በፊት በዚህ መንገድ ካለፉ ሦስት ሰዎች ታሪክ እንፈልግ።

ከዳንግላ ብዙ ሳይርቅ፣ በአቸፈር የተወለደው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. “አልወለድም” የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። ባለታሪኩ በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን ነው፤ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ከዚህ የባሰ ሽሽት ከወዴት ይገኛል? ሆኖም ሕፃኑ የማይወለድበትን ምክንያት ሲናገር፣ የአገሩ ድህነትና ግፍ ተገለጠ። መጽሐፉ ታገደ። አቤም በጽሑፎቹ ምክንያት ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ኖረ። ሽሽት የሚመስለው ታሪክ ደራሲውን ከባለ ሥልጣናት ፊት አቆመው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ገጣሚው ነቢይ መኮንን ለዓመታት ታሰረ። በእስር ቤቱ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ እጁ ገባ። ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። 3,000 ያህል ቁራጭ ሞላ። የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡለት፤ እርሱም ሲፈታ ከየሰዉ ለቅሞ ሰበሰበው። መጽሐፉ “ነገም ሌላ ቀን ነው” ተብሎ ታተመ። እርግጥ ነቢይ ተርጓሚ እንጂ የዚያ ታሪክ ፈጣሪ አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ ሰውየው በር ተዘግቶበት ሳለ ጽሑፉ በብዙ ሰው ኪስ ተሸሽጎ ወጣ። አንድ ሰው ብቻውን ሊያመልጥበት የጀመረው ነገር የብዙዎች አደራ ሆነ።

እስር ቤትን ካነሣን እንግሊዛዊውን ጆን ቡንያንን አንርሳ። የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበር። ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1660 ቤድፎርድ ታሰረ፤ ስብከቱን ቢተው ይፈታ ነበር፤ እምቢ ብሎ 12 ዓመት ቆየ። ዓይነ ስውር ልጅ ነበረችው። በእስር ቤት የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1678፣ ክርስቲያን የተባለ መንገደኛ ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ሲሸሽ የሚያሳየውን ታሪክ አሳተመ። ይህም የሽሽት ታሪክ ነው! መንገደኛው ግን የሚሸሽበትን ያውቃል፤ በመንገዱም ረግረጉና ተስፋ መቁረጡ ይጠብቁታል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ሦስቱም ልብ ወለድን መውጫ በር አድርገውታል። ሦስቱም ሲመለሱ ለሌላው የሚሆን ነገር ይዘው ተመለሱ። የእናንተንም ጽሑፍ በዚህ መዝኑት። የፈጠራችሁት ሰው የጎረቤታችሁን ሐዘን እንድታዩ ካደረጋችሁ፣ መልካም ነው፤ ጻፉ። ሰው እንዳያገኛችሁ መደበቂያ ብቻ ከሆነ ግን ቆም በሉ። በተለይ በቤት ወይም በትምህርት ቤት በደል እየደረሰባችሁ ከሆነ ደብተር ብቻውን አይበቃም፤ ለምታምኑት ታላቅ ሰው ንገሩ።

የጻፋችሁትንም ትራስ ሥር አታስቀምጡት። በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ ለአንድ ጓደኛችሁ አንብቡለት። ምናልባት እርሱም በዝምታ የተሸከመው ነገር ይኖር ይሆናል።