ዓባይን ሊገራ ሄዶ «አይቻልም» ብሎ የተመለሰው ሊቅ



«ሳይንስን የጀመሩት ሙስሊሞች ናቸው» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ከገጽ ገጽ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ከሥሩ ደግሞ አንዱ ወንድም «ሳይንስና ዲን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። ሳይንስ ማለት ራሱ ምን እንደሆነ፣ አንድ ዓሊም ስለ ተፈጥሮ ሲመረምር ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ዛሬ ስለዚሁ እናውጋ። መነሻችን የሚሆነውም ከደጃፋችን የሚነሳ ውሃ ነው።

ግልገል ዓባይ ሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ፣ ከዳንግላ በኩል የሚወርዱትን ወንዞች እየሰበሰበ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ትልቁ ዓባይ ደግሞ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። እኛ እንጅባራና ዳንግላ ያለን ሰዎች ክረምት ሲገባ ሰማዩ እንዴት እንደሚያለቅስ እናውቃለን። ለግብፅ ሰው ግን ነገሩ እንቆቅልሽ ነበር። ሀገሩ በሙቀት በነደደበት፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ወር ወንዙ ሞልቶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ከየት መጣ? የግሪኩ ሄሮዶቱስ ከሂጅራ ከሺህ ዓመት በፊት ሦስት ዓይነት መላምት ቆጥሮ አንዱንም አልተቀበለም። የራሱንም አራተኛ ግምት ጨመረ፤ እሱም አልሆነም። ሁሉም ተቀምጠው ያስቡ ነበር እንጂ ወደ ላይ ወጥቶ ያየ አልነበረም።

ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት እ.ኤ.አ. በ861 (247 ሂጅሪ) የዓባይ መለኪያ ተሠራ። ከወንዙ ጋር የሚገናኝ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ መካከሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ውሃው ስንት ክንድ እንደደረሰ በየዓመቱ ይነበባል። 16 ክንድ ከሞላ ደስታ ነው፣ ግብሩም ይሰበሰባል። ካነሰ ረሃብ ይመጣል። ቁጥሩን ሲመዘግቡ የኖሩት ሰዎች ስለ ሳይንስ አላሰቡ ይሆናል፤ የሚያሳስባቸው እህሉና ግብሩ ነበር።

ወደዚህች ከተማ ነው ኢብኑል ሀይሠም የመጣው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በስራ ነው። ታሪክ ጸሐፊው አል-ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ ገና ኢራቅ ሳለ «ግብፅ ብሆን የዓባይን ሙላትና ጉድለት የሚያስተካክል ሥራ እሠራ ነበር» የሚል ንግግር ከአፉ ወጣ። ወሬው የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም ዘንድ ደረሰና አስመጣው። ሠራተኛና ስንቅ ተሰጥቶት ሽቅብ ተጓዘ። ከአስዋን በላይ ካለው ፏፏቴ ሲደርስ ወንዙን በዓይኑ አየው፤ በመንገዱ ላይም የጥንቶቹን ድንቅ ሕንፃዎች ተመልክቷል። ይህን የገነቡ ሰዎች ወንዙን መግራት ቢቻል ኖሮ አይተዉትም ነበር ብሎ አሰበ። ተመልሶም «አልችልም» አለ። ቀጥሎ ግን የገዥውን ቁጣ ፈርቶ ያበደ መሰለ፤ አል-ሓኪም እ.ኤ.አ. በ1021 እስኪሞት ድረስም ቤቱ ተዘግቶበት ኖረ ይባላል።

እዚህ ላይ ኪታብ የቀራ ሰው ሰነድ መጠየቁ አይቀርም። አል-ቂፍጢ የሞተው ከኢብኑል ሀይሠም 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ወሬው ያማረ ቢሆንም «ይባላል» ከሚለው አላሳልፈውም።

«ኪታቡል መናዚር» ውስጥ ያለው የመብራት ሙከራው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሰነድ አይፈልግም። መብራት በጠፋ ማታ (መቼም ይህ አይቸግረንም) ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሞክሩት። ክፍሉ ይጨልም፣ በሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትኑር። ከውጭ ሦስት ሻማ ጎን ለጎን አብሩ። ውስጥ ካለው ግድግዳ ላይ ሦስት የብርሃን ነጥብ ይታያል። አንዱን ሻማ በእጃችሁ ብትጋርዱ ከነጥቦቹ አንዱ ብቻ ይጠፋል፤ እጃችሁን ስታነሱ ይመለሳል። ሦስቱም ብርሃን በአንድ ቀዳዳ አለፉ፣ ግን አልተደባለቁም፤ እያንዳንዱ ቀጥ ብሎ መንገዱን ሄደ። ከሱ በፊት ኤውክሊድና በጥሊሞስን የመሰሉ ታላላቆች «ዓይን ጨረር እየላከ ያያል» ይሉ ነበር። እሱ ግን ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን እንደሚገባ አሳየ። በጥሊሞስ ላይ የጥርጣሬ ኪታብ ጽፎ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን ብቻ ሳይሆን የራሱንም አስተያየት መጠርጠር አለበት ብሏል።

ሙከራውን የሚጠራበት ቃል «ኢዕቲባር» ነው፤ ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው ቃል። የሐዲስ ሊቅ ማን ከማን እንደሰማ ያጣራል። ኢብኑል ሀይሠም ደግሞ ነገሩን ራሱን ይጠይቀዋል፤ ጠያቂው በስራም ይሁን ዳንግላ መልሱ ያው መሆን አለበት። በኔ እይታ ሳይንስ የሚባለው ይኸው ነው። «የኛ ሰው ነው» ብሎ ፎቶውን መለጠፍ ይቀላል፤ ሻማውን አብርቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ያ የሮዳ መዝገብም ከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1906 ግብፅ የገባው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት የዘመናቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ መረመረ። ድርቅ ያለባቸው ዓመታት እንደ ዕጣ በየቦታው የተበተኑ ሳይሆኑ ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው፣ ሙላትም እንደዚሁ መሆኑን አገኘ። ጥናቱን በ1951 አሳተመው፤ ግድብ ስንት ውሃ መያዝ እንዳለበት ለሚያሰሉ ሰዎች እስከዛሬ ይጠቅማል። አንድ ሰው በዕድሜው ሊያየው የማይችለውን ነገር ስማቸው የጠፋ መዝጋቢዎች አሳዩት።

ይህ ሥራ ደግሞ ወደ እኛም መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዳንግላ ወረዳ ውስጥ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የገጠር ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀት እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። በ2016 በታተመው ውጤት፣ አርሶ አደሮቹ የጻፉት ቁጥር ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተነጻጽሮ የሚታመን ሆነ፤ ከሳተላይት ከሚገኘው ግምትም ተሻለ። ጥያቄው የሩቅ አይደለም፦ ጥልቀት የሌለው ጉድጓዳችን በበጋ ጓሮ ለማጠጣት ይበቃል ወይስ መጋቢት ላይ ይነጥፋል? ይህን ለማወቅ ዝናብ ባልጣለበት ቀንም መለኪያው ታይቶ «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ቀን ዝናብ ያልነበረበት ቀን አይደለም፤ ሰው ያላየው ቀን ነው።