ሲተኛ የተገደለው መቶ አለቃ

ወታደር በጦር ሜዳ ቢሞት ያለ ነው። አርመናዊው መቶ አለቃ ጉርገን ማርጋርያን ግን የሞተው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው።

ጉርገን እ.ኤ.አ. በ1978 በየሬቫን ተወለደ፤ ምሕንድስናም ተማረ። አገሩ ከአዘርባጃን ጋር በናጎርኖ ካራባኽ የተነሣ ያካሄደችው ጦርነት በ1994 በተኩስ አቁም ቢገታም፣ ዕርቅ አልወረደም ነበር። በ2004 ኔቶ «ለሰላም አጋርነት» በተባለው ፕሮግራሙ የሁለቱን አገሮች መኮንኖች እንግሊዝኛ እንዲማሩ ቡዳፔስት ላይ አገናኛቸው።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ራሚል ሳፋሮቭ የተባለ የአዘርባጃን መቶ አለቃ መጥረቢያ ይዞ ገባና ጉርገንን ገደለው። ሟቹ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በ2006 የሃንጋሪ ፍርድ ቤት በገዳዩ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ሰው ወንጀል ሆኖ በቀረ። በ2012 ሃንጋሪ ገዳዩን ለአገሩ አሳልፋ ሰጠችው። የዚያኑ ዕለት ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አደረጉለት፤ የሻለቃነት ማዕረግ፣ መኖሪያ ቤትና የስምንት ዓመት ውዝፍ ደመወዝም ተሰጠው። አርሜኒያ በቁጣ ከሃንጋሪ ጋር ያቋረጠችው ግንኙነት የታደሰው በ2022 ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2020 በሰጠው ውሳኔ፣ ገዳዩ የተለቀቀውና የተወደሰው ተጠቂዎቹ አርመኖች ስለነበሩ ነው አለ።

ጉርገን የሬቫን ውስጥ በየራብሉር የወታደሮች መካነ መቃብር አርፏል። አንድ ሰው ጠላቱን ሲጠላ መግደል ይችል ይሆናል፤ ጥላቻውን ለትውልድ የሚያስተምረው ግን ሸላሚው መንግሥት ነው።