«ከመቼ ጀምሮ?»፤ በታይፔ ከተማ በዋንኋ ሰፈር ስለሚታዩ የዕለት ኑሮ ልማዶች

በውጭ አገር ለሥራ የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያየው ሁሉ እንግዳ ስለሚሆንበት፣ ያየውን ሁሉ የዚያ አገር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነገር አድርጎ መውሰድ ይቀናዋል። እኔም በታይዋን ደሴት በታይፔ ከተማ ለማስተማር በ2007 ዓ.ም. በገባሁ ጊዜ ከዚህ ስሕተት አልዳንሁም። ጥቂት ወራት እንደ ቈየሁ ለባልደረቦቼ ልነብበው ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ «ጥንታዊ የቻይና ልማድ» የሚለውን ሐረግ ሰባት ጊዜ ጽፌው ነበር። ጽሑፉን አስቀድመው የተመለከቱልኝ አንድ አረጋዊ መምህር ከእያንዳንዱ ሐረግ አጠገብ በቀይ እርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ አስፍረው መለሱልኝ፤ ጥያቄውም «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ከሰባቱ ለአንዱ እንኳ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የተቀመጥሁበት ሰፈር ዋንኋ ይባላል። ከታይፔ ሰፈሮች በዕድሜ የቀደመ ሲሆን፣ በታምሱይ ወንዝ ዳር የንግድ ወደብ አድርገው የቈረቈሩት ከባሕሩ ማዶ ከፉጂየን ክፍለ ሀገር የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። ሎንግሻን የሚባለውን ቤተ መቅደሳቸውንም በ1738 ሠርተዋል። የሰፈሩ ስም ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከእነርሱ በፊት በዚያ ሜዳ ይኖሩ የነበሩት የኬታጋላን ሰዎች ታንኳን በሚጠሩበት ቃል ሰፋሪዎቹ ቦታውን «ባንግካ» አሉት፤ በቻይና ፊደልም ጻፉት። ደሴቱን በ1895 የያዘው የጃፓን መንግሥት በ1920 የቦታ ስሞችን ሲለዋውጥ፣ በጃፓንኛ «ማንካ» ተብለው የሚነበቡ፣ ትርጕማቸው ግን ያማረ ሌሎች ፊደሎች መረጠለት። በ1945 ጃፓን ድል ሆና የቻይና ሪፑብሊክ መንግሥት ደሴቱን ሲረከብ ፊደሎቹ እንዳሉ ቀሩና ንባባቸው ብቻ ወደ ማንዳሪን ተዛወረ፤ «ዋንኋ» የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ የምናነበው ስም እንግዲህ የአራት ቋንቋ ሥራ ነው ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ ባንግካ ነው የሚሉት።

ቤት ያከራዩኝ በ1931 የተወለዱ አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ከታች ባለው ክፍል ልጃቸው የቍርስ ምግብ ይሸጥ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፤ ይህም በታይዋንኛ አያት ማለት ሲሆን፣ እኛ «እማማ» ከምንለው ጋር በድምፅም በአጠራርም ስለሚቀራረብ ለአፌ አልከበደኝም። ታይዋንኛ ስል ከደቡብ ፉጂየን የመጣውን፣ ሆኪየን የተባለውን ንግግር ማለቴ ነው። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ከሚሠራበት ከማንዳሪን እጅግ የተለየ ስለ ሆነ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሌላውን አይሰማም። እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ማንዳሪን ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ጧት ከደረጃው ስወርድ አማ «ጂያ ባ ቤ?» አሉኝ። ልጃቸው ሲተረጕምልኝ «በልተህ ጠግበሃል ወይ?» ማለት ሆኖ ስላገኘሁት፣ እውነቱን ለመናገር አስቤ «ገና ነኝ» አልሁ። አማ የያዙትን ሥራ ትተው አንድ ሳሕን የሩዝ ሾርባ ከጨው አትክልት ጋር አቀረቡልኝ። በማግሥቱም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ሾርባ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤት ለብቻዬ ወስዶ፣ ነገሩ ሰላምታ መሆኑንና መልሱ ምንጊዜም «ጠግቤአለሁ» እንደ ሆነ ነገረኝ። «እንደምን አደርህ?» ሲሉት ሕመሙን ሁሉ ዘርዝሮ እንደሚመልስ ሰው ሆኜ ከርሜ ነበር። አማ ግን ሾርባውን አላቋረጡም።

ከአማ ጋር ገበያ እየሄድሁ የታይዋንኛ ቃላት በደብተር እለቅም ጀመር። ፖም «ሊንጎ»፣ የእጅ ቦርሳ «ካባንግ»፣ ሞተር ብስክሌት «ኦቶባይ» ይባላል። እነዚህን ሁሉ ከጥንታዊው የፉጂየን ንግግር ቈጥሬአቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም ከጃፓንኛ የተወረሱ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ጃፓኖች ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቈራርጠው የሠሩት ነው። በዚህ መደነቅ የሚገባኝ አልነበረም። መኪና፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ባንኮኒ የምንል እኛ ከጣልያንኛ መውሰዳችንን ማን ያስታውሳል? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ ዘንድ የጠላት ወረራ አምስት ዓመት ሲቈይ፣ በታይዋን የጃፓን አገዛዝ ኀምሳ ዓመት ቈይቷል። ስለዚህ በአማ አእምሮ ውስጥ ጃፓንኛ የዕቃ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። ገንዘብ ሲቈጥሩ ከንፈራቸው «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» ይል ነበር፤ ሒሳብ የተማሩት በጃፓንኛ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የዓመት ቍጥር ነው። በ2015 መጀመሪያ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ስሞላ፣ ዓመቱን 104 ብዬ እንድጽፍ ጸሓፊዋ አመለከተችኝ። ይህ ቍጥር የቻይና ሪፑብሊክ ከተቋቋመበት ከ1912 የሚነሣ ነው። እኔም በአገሬ ገና 2007፣ ዘመኑም ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ነገርኋት፤ በዓለም ላይ ቅጽ ሲሞላ የማይደነግጥ ሰው ቢኖር ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት ብዬም አሰብሁ። ዘመንን በመንግሥት ስም መቍጠር በቻይና በእርግጥ ጥንታዊ ነው። በደሴቱ ላይ ግን እስከ 1945 ድረስ የሚቈጠረው የጃፓን ነገሥታት ዘመን ነበር። አማ የተወለዱት በሾዋ 6 ነው። (ሾዋ ከእኛው ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም፤ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን ስም ነው።) በመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ግን ይኸው ዓመት በሪፑብሊኩ ቍጥር 20 ተብሎ ተጽፏል። የልደታቸውን ቀን ደግሞ የሚያከብሩት በጨረቃ አቈጣጠር ስለ ሆነ በየዓመቱ ይዛወራል። እኔም በበኩሌ በ1923 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በተሰጠበት ወር መወለዳቸውን አስልቼ ስነግራቸው፣ አራተኛ የልደት ዓመት በማግኘታቸው ብዙ ሣቁ።

ሣቁን የተከተለው ነገር ግን ከባድ ነበር። በግንቦት 31 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ታይፔን በቦምብ ደበደቡ፤ አማም ከእናታቸው ጋር ወደ ገጠር ሸሹ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የመንግሥቱ ርክክብ ሆነ። እሳቸው ሲናገሩት «ቦምቡ በ20 ወደቀ፤ እኛ የተመለስነው በ34 ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው በስደት ዐሥራ አራት ዓመት የቈዩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሾዋ 20 እና የሪፑብሊኩ 34 አንድ ዓመት ናቸው! ከአፍ በሚሰበሰብ ታሪክ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን ይህን ቢያስታውሱት ይጠቅማቸዋል፤ ነጋሪው አልተሳሳተም፣ ቍጥሩም አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው ጸሓፊው ነበር።

ከሰባቱ «ጥንታዊ ልማዶች» ውስጥ እጅግ ያሳፈረኝ የማታው ሙዚቃ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ቀን ማታ ከሩቅ የደወል ድምፅ የመሰለ ዜማ ተሰማ፤ ወዲያውም ሰፈርተኛው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ከረጢት እየያዘ ወደ መንገድ ወጥቶ ቆመ። ታቦት የሚያልፍ መስሎኝ እኔም ወጥቼ ቆምሁ። የመጣው የቆሻሻ መኪና ነው! ዜማውም አንዳንድ ጊዜ የቤትሆቨን «ለኤሊዝ»፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተክላ ባዳርዜቭስካ የተባለች የፖላንድ ሴት በ1856 በዋርሶ ያሳተመችው «የድንግል ጸሎት» ነው። መኪናው እስኪመጣ በሚቆምበት ጊዜ የሞተው፣ ያገባው፣ የታመመው ሁሉ ይነገራል፤ አማም የሰፈሩን ወሬ የሚያገኙት ከዚያ ነው። እኔም ይህን «ጥንታዊ የጎረቤት ማኅበር» ብዬ ጻፍሁት። ነገር ግን በታይፔ ሰዉ ቆሻሻውን በየመንገዱ ጥግ ይጥል ነበር እንጂ ለመኪና አይጠብቅም ነበር። «ቆሻሻ መሬት አይንካ» የተባለው ደንብ በ1996 ተሞክሮ በሚከተለው ዓመት በከተማው ሁሉ ጸና። ማኅበሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል።

የደረሰኝ ዕጣም እንዲሁ ነው። አማ የገዙበትን ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅሙና በየሁለት ወሩ በ25ኛው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ከዕጣው ቍጥር ጋር ያስተያያሉ። ይህን በ1951 የጀመሩት የታይዋን ግዛት የገንዘብ ሹም የነበሩት ረን ሺየንቹን ናቸው፤ ነጋዴ ሽያጩን ሸሽጎ ግብር እንዳያጓድል ገዢው ራሱ ደረሰኝ እንዲጠይቅ በማሰብ ነው። ብልሃቱ ያስደንቃል።

እውነተኛ ጥንታዊነት ያለው አንዱ በጨረቃ አቈጣጠር በሰባተኛው ወር ለሙታን የሚደረገው ግብዣ ነው። ሱቁም ባንኩም በየደጁ ጠረጴዛ ዘርግቶ ምግብና ዕጣን ያቀርባል፤ የወረቀት ገንዘብም ያቃጥላል። አማ ከጠረጴዛው ሥር ውሃ የሞላ መታጠቢያና አዲስ ፎጣ ያኖሩ ነበር፤ እንግዶቹ ከመብላታቸው በፊት እንዲታጠቡ ነው። መናፍስቱን በክፉ ስም መጥራት ስለማይገባ «ጥሩ ወንድሞች» ይሏቸዋል። ሥርዐቱ ከቻይና የመጣ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም «ወንድሞች» የሚለው ስም በደሴቱ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። የቺንግ መንግሥት ታይዋንን በ1684 ከያዘ በኋላ ሰፋሪዎች ሚስትና ልጅ ይዘው እንዳይሻገሩ ለረጅም ዘመን ከልክሎ ነበር። ብዙ ላጤዎች በወባና በጎሣ ጠብ አለቁ፤ ተዝካር የሚያወጣ ዘር አልተዉም። የእነዚህን አጥንት የያዙ ትንንሽ ቤተ ጸሎቶች ዛሬም በየመንገዱ ዳር ይታያሉ። አማ ፎጣውን የሚያኖሩት ለእነማን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ማንም ለሌለው» አሉኝ።

አሁን ወደ አማ ቤት ልመለስ። ልጃቸው ትምህርት ቤት የገባው በ1960ዎቹ ነው። ጊዜው ከ1949 እስከ 1987 የቈየው የወታደራዊ ሕግ ዘመን ስለ ነበረ፣ በትምህርት ቤት ከማንዳሪን በቀር መናገር ክልክል ነበር። የእናቱን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ በአንገቱ ሰሌዳ ይንጠለጠልበታል፤ ሌላ ተናጋሪ እስኪይዝም አይወርድለትም። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ አላማረረም፤ ሰሌዳውን ለማስተላለፍ የቅርብ ጓደኛውን ማስያዙን ሲነግረኝ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ለልጁም ታይዋንኛ አላስተማራትም። በ2001 የአፍ መፍቻ ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር ልጅቱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተማረች፤ ከሰላምታው አላለፈችም። አማ ማንዳሪን ጥቂት ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ስለዚህ በማዕድ ጊዜ አያትና የልጅ ልጅ የሚነጋገሩት አባትየው እየተረጐመላቸው ነበር። እሱ ሥራ ላይ ከሆነ ዝም ብለው ይበላሉ።

ከአገሩ ልወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ አማ ከደረሰኙ ቆርቆሮ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በሾዋ 17፣ ማለት በ1942፣ ከትምህርት ቤት የተሰጣቸው የውጤት ወረቀት ነበር። ልጃቸው ተቀብሎ አየው፤ የቻይና ፊደሎቹን እየለቀመ ቢያነብም በመካከል ያለውን የጃፓን ፊደል ማንበብ አልቻለም። እኔም አልቻልሁም። በዚያን ጊዜ የልጅ ልጃቸው ከሥራ ገባች። ለጃፓን አገር ጐብኚዎች በሚያገለግል መሥሪያ ቤት ትሠራ ስለ ነበር ጃፓንኛ በዩኒቨርሲቲ ተምራ ነበር። ወረቀቱን ከአባቷ እጅ ወስዳ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። አማ ቀና ብለው አንድ ቃል አረሟት፤ ልጅቱም በጃፓንኛ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በጃፓንኛ መለሱ። ከዚያም ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለቱ ብቻ ሲነጋገሩና ሲሣቁ ቈዩ። አባትየው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በማንዳሪን «ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም አልሰማሁም ነበር።