የፈነዳውን ደም ሥር ፍለጋ

በዕድሜ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታት በድንገት ይነሣል፤ ማስታወክ ይከተላል፤ አንገት ይገተራል፤ አንዳንዱም እዚያው ራሱን ይስታል። አንጎል ሥር ካሉት ደም ሥሮች በአንዱ ላይ ያበጠች ስስ ከረጢት፣ አኒዩሪዝም፣ ፈንድታ ሊሆን ይችላል። ደሙ ከቆመም ቀዳዳዋን የያዘው ጥቂት የረጋ ደም ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ያለችበትን ሳያውቅ ሊዘጋት አይችልም። ለማወቅ የሚደረገው ፍለጋም የራሱን ጣጣ ይዞ መጥቷል።

ነገሩ የተጀመረው ሊዝበን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። የነርቭ ሐኪሙ ኢጋስ ሞኒዝ ሪህ እጆቹን ስላጎበጠበት የእጅ ሥራውን የሚሠራለት ወጣቱ አልሜይዳ ሊማ ነበር። አንገት ላይ ያለውን ትልቅ ደም ሥር እየገለጡ፣ ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ በቀጥታ ይወጉበታል። መጀመሪያ የሞከሩት ስትሮንቲየም ብሮማይድ አንድ ታካሚ ገደለባቸው። ከዚያ ወደ ሶዲየም አዮዳይድ ዞሩ፤ ሰኔ መገባደጃ ላይ የአንድ የ20 ዓመት ወጣት የአንጎል ደም ሥሮች ፊልም ላይ ታዩ።

አዮዳይዱ ያማል፤ ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ በ1930ዎቹ ቶሮትራስት ሲመጣ ሐኪሞች እፎይ አሉ። አያቃጥልም፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ግን የተሠራው ከቶሪየም ነው፤ ቶሪየም ጨረር ያመነጫል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 14 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ገብቶ ከዚያ አልወጣም። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ የጉበት ካንሰር ይዞ ብቅ አለ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ታካሚው ምንም ሳይሰማው ደህና ሆኖ ቤቱ ገብቷልና።

በዚያ ዘመን ሳያዩ መግባትም የሞኝ ሥራ አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ኖርማን ዶት በ1931 ኤዲንብራ ውስጥ የፈነዳ አኒዩሪዝም በጡንቻ ሥጋ ሲጠቀልል፣ የሙያ አጋሩ ዋልተር ዳንዲም በ1937 ባልቲሞር ውስጥ የከረጢቷን አንገት በብር ክሊፕ ሲቆነጥጥ የደም ሥር ምስል በእጃቸው አልነበረም። የመሯቸው የሕመሙ ምልክቶች ናቸው።

በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር በብሽሽት በኩል ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ የሚያስገባበትን ዘዴ አሳተመ፤ በአንገት በኩል መግባት ቀስ በቀስ ቀረ። በ1971 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ታካሚ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ደም መፍሰሱን ለማወቅ ደም ሥር መንካት አላስፈለገም። የፈሰሰበትን ነጥብ ለማግኘት ግን ካቴተሩ አልቀረም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ሙግት። ፈሳሹ በካቴተር ሲገፋ፣ አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ዓይኑ እያየ ከከረጢቷ ወደ ውጭ ይዘረገፋል፤ ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ራሱን ይስታል። በ1990ዎቹ ከጃፓን የወጡ ጥናቶች ይህ አደጋ የሚበዛው ደም ከፈሰሰ በ6 ሰዓት ውስጥ ምስሉ ሲነሣ መሆኑን አሳዩ። ጥፋተኛው ግፊቱ ነው ወይስ ሰዓቱ? ከረጢቷ ማንም ሳይነካት እንኳ ዳግም የመፈንዳት ዕድሏ የሚበዛው በነዚያው ሰዓታት ነው። ፈሳሹ በክንድ ደም ሥር ብቻ በሚሰጥበት የሲቲ አንጂዮግራፊም ሲዘረገፍ ታይቷል። እኔ ወደ ሰዓቱ አደላለሁ፤ ግፊቱን ግን ነጻ አላወጣውም። በ1999 የበርካታ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ደም የፈሰሳቸው ሰዎች በካቴተር ምርመራ ጊዜያዊ ወይም ቋሚ የነርቭ ችግር የገጠማቸው 1.8 በመቶ ናቸው።

በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይም ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ በማግኔት የሚሳብ አሮጌ ክሊፕ አንጎል ውስጥ ዞሮ ታካሚ መግደሉ በ1993 ተዘግቧል። ዛሬ በቲታኒየም ክሊፕ ይህ ስጋት ቀንሷል።

በ2004 ከኒውዮርክ የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላውን ወገን፣ ሳይመረምሩ የመቅረትን ጣጣ፣ ያሳያል። በአኒዩሪዝም ደም ከፈሰሳቸው 482 ሰዎች 12 በመቶው መጀመሪያ ላይ በስህተት ሌላ በሽታ ተብለው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ማይግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት። ከነዚህም ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት የተሳሳተባቸው ሲቲ ስካን ሳይታዘዝላቸው በመቅረቱ ነው።