ጨው፣ ጢስና የሥጋ ውፍረት

በታኅሣሥ ወር 1895 (እ.ኤ.አ.) ኤሌዜል በምትባል የቤልጂየም መንደር፣ ከአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ ለመንደሪቱ ሙዚቀኞች በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ የሰነበተ ጥሬ የአሳማ ታፋ ቀረበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ መዋጥና መናገር ተሳናቸው፤ ከመካከላቸውም ሦስት ሰዎች ሞቱ። ነገሩን የመረመረው የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤሚል ቫን ኤርሜንገም በታፋው ውስጥ አየር በሌለበት የሚራባ ረቂቅ ተሕዋስ አገኘ። የሚያስገርመው፣ ከዚያው አሳማ የተወሰደውና ከበርሜሉ በላይኛው በኩል የነበረው ሌላው ታፋ ማንንም አለመጉዳቱ ነው። ገዳዩ ከታች፣ በደካማ የጨው ውኃ ሰጥሞ የቆየው ነበር።

ሥጋን በጨውና በጢስ ማቆየት ከጥንት ጀምሮ የጓዳ ሙያ ነው፤ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በቤታቸው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሙያው አንዳንድ ጊዜ ለምን እንደሚገድል ለማወቅ ረጅም ዘመን ፈጅቷል። የቩርተምበርግ ሐኪምና ባለቅኔ የነበረው ዩስቲኑስ ኬርነር በቋሊማ የተመረዙ የ155 ሕሙማንን ታሪክ በ1822 አሳትሟል። መርዙን በራሱ ላይ እስከ መሞከር ደርሶ (ድፍረቱ ከጥንቃቄው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል)፣ አየር በማይገባበት ቋሊማ ውስጥ እንደሚፈጠር ተረዳ። ቦቱሊዝም የሚለውም ስም የመጣው ቦቱሉስ ከተባለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ ቋሊማ ነው።

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ነገሩ የጊዜና የርቀት ጥያቄ ነው። ጨው ከሥጋው ገጽ ወደ መካከሉ የሚጓዘው በዝግታ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ጢስም ቢሆን ገጹን ያደርቃል፣ ጣዕምና ቀለም ይሰጠዋል እንጂ እስከ አጥንቱ አይዘልቅም። የአገራችን ቋንጣ ከዚህ አደጋ የራቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሲሰቀል፣ ጨው ለመግባት፣ ውኃም ለመውጣት አጭር መንገድ ያገኛሉ። የዘልዛይዋ እጅ ቀመሩን ሳታውቀው ሠርታበታለች።

ወፍራም ሥጋ የሚያቆዩት አውሮፓውያን ግን፣ ቀይ መልኩን ስለሚጠብቅላቸው፣ ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግለውን ፖታስየም ናይትሬት ከጨው ጋር ይጨምሩ ነበር። በ1891 ጀርመናዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ፖሌንስኬ ናይትሬቱ በተሕዋስያን አማካይነት ወደ ናይትራይት እንደሚለወጥ አመለከተ፤ በኋላም የቦቱሊዝምን ተሕዋስ የሚገታው ይኸው ናይትራይት መሆኑ ታወቀ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1925 ናይትራይት በቀጥታ እንዲጨመር ፈቀደ። ነገር ግን ራሱ ናይትራይት በብዛት ሲወሰድ ይገድላል። ስለዚህ በአሜሪካ ለቤት የሚሸጠው 6.25 በመቶ ናይትራይት ያለበት ድብልቅ ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ሮዝ ቀለም ይነከራል፤ የሚጨመረውም ለ1 ኪሎ ሥጋ 2.5 ግራም ያህል ነው፤ ያውም በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን ተለክቶ።