የስምንት ወር ድመት

በቆጵሮስ ደሴት፣ ሺሎሮካምቦስ በሚባል ጥንታዊ መንደር፣ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አንድ መቃብር አገኙ። ሟቹ ከድንጋይ መሣሪያዎቹና ከዛጎሎቹ ጋር ተቀብሯል። ከእሱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ለብቻዋ በተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዲት ድመት ተጋድማለች። መቃብሩ 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ግኝቱ ይፋ የሆነው በ2004 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም። ስለዚህ ድመቷን ወይም ቅድመ አያቶቿን በጀልባ ጭኖ ያሻገረ ሰው አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አጥንቷን የመረመሩት ሰዎች እንደሚሉት ስትሞት ስምንት ወር ቢሆናት ነው። ድመት ያሳደገ ሰው ስምንት ወር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መጋረጃ ላይ የሚንጠለጠሉበት ዕድሜ ነው!

እኔማ በደንብ አውቀዋለሁ። የእኛዋ ስሟ ዱርዬ ነው፤ ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቁም ሳጥን አናት ተወርውራ የተኛ ሰው እግር ላይ ታርፋለች። የነጠላ ዘርፍ ሲወዛወዝ ካየች አለቀ። ስድስት የነበረው ሲኒያችን አራት ቀርቷል። እናቴ “ይቺ ድመት አይደለችም፣ ጋኔን ናት” ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ የሰፈራችን የእህል ነጋዴ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ “ለእኔ ስጡኝ፣ መጋዘኔን አይጥ ጨረሰው” ብለው ስለጠየቁ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል።

ጋሼ ሳያውቁት የጠየቁት አሮጌውን ውል ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች የዘር ሐረግ ሳይንቲስቶች ሊቢካ ከሚሉት የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳይቷል። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በአፍሪካ፣ በእኛም አገር ጭምር አለ። በሬን ቀንበር አስለምደነዋል፤ ድመትን ግን ማንም አስሮ አልገራትም፣ ራሷ ናት የገባችው። በ2014 የወጣ ሌላ የዘረመል ትንታኔም፣ ከውሻ ጋር ስትነጻጸር ከዱር ዘመዷ ብዙም እንዳልራቀች ነው ያመለከተው። “ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ያሉት አባቶቻችን ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

የግብፆቹን ነገር ሁሉም ሰው ያነሳዋል። እውነት ነው፣ ባስቴት የምትባል አምላክ ነበረቻቸው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ቤት ውስጥ ድመት ስትሞት ቤተሰቡ በሙሉ ቅንድቡን ይላጭ ነበር። ግን አምልኮም ቢሆን ለድመት አላዋጣትም። የደረቁት አስከሬኖች በራጅ ሲታዩ ብዙዎቹ አንገታቸው የተቆለመመ ግልገሎች ሆነው ተገኝተዋል፤ ለምእመናን ለስእለት የሚሸጡ ነበሩ። ከቤኒ ሐሰን የወጡ 19 ቶን ያህል የድመት አስከሬኖች ደግሞ በ1890 በመርከብ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሊቨርፑል ተወስደው በጨረታ ተቸበቸቡ። ለምን ቢሉ፣ ተፈጭተው ማዳበሪያ እንዲሆኑ!

አውሮፓም የባሰች ነበረች። በቤልጂየሟ ኢፕር ከተማ ከደወሉ ማማ ላይ ድመት ከነሕይወቷ ወደ አደባባዩ መወርወር የበዓል ጨዋታ ነበር፤ የመጨረሻው የተደረገው በ1817 ነው። ዛሬ የሚወረውሩት የጨርቅ አሻንጉሊት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የጸሐፊዎቹን ታሪክ ነው። በ1420 አካባቢ በሆላንድ፣ ዴቬንተር ከተማ፣ አንድ መጽሐፍ ገልባጭ ጠዋት ሲነሳ ድመት ገጹ ላይ ሸንታበት አገኘ። ሰውዬው ምን አደረገ? ገጹን ባዶውን ትቶ ድመት ሣለበት፣ ወደ ቆሻሻው የሚጠቁሙ ጣቶች ጨመረበት፣ ከዚያ ድመቲቱን በላቲን ረገማትና ማታ መጽሐፍ ከፍታችሁ እንዳታድሩ ብሎ መከረ። በዱብሮቭኒክ ቤተ መዛግብት ደግሞ በ1445 የተጻፈ ሰነድ ላይ ቀለም የረገጡ የድመት ዱካዎች አሉ። ጸሐፊው እየጮኸ ሲያባርራት ይታየኛል። ማስረጃ ግን የለኝም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ለእኛ ነው እንጂ ለእሷ ሥራ ነው። በ2021 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ባለቤቶቻቸው በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ድመቶች እያደኑ ወደ ቤት የሚያመጡት እንስሳ በ25 በመቶ ቀንሷል። የነጠላው ዘርፍም ለዱርዬ አይጥ ነው ማለት ነው። አሁን በአሮጌ ካልሲ ገመድ አስረን ከእራት በፊት እያሯሯጥናት ነው፤ ሌሊቱ ትንሽ ሻል ብሏል።

የቀረው የጋሼ ጥያቄ ነው። መጋዘናቸው ውስጥ የአይጥ መርዝ ይረጫሉ። መርዙን የበላች አይጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወዲያው አትሞትም፤ እየተንገዳገደች ስትዞር ለድመት የቀለለች ሲሳይ ናት። ስለዚህ “ጋሼ፣ መጀመሪያ መርዙን ያቁሙና እንነጋገራለን” አልኳቸው።

“ድመቷ እስክትለምድ ይቆይ እንጂ” አሉኝ።

እናቴ ይህንን ስነግራት ነጠላዋን ከወንበሩ አንስታ ከፍ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።